ስፍርና ቁጥር

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሮቢት የማሽላ አገር ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ የደጋው ግድግዳ የሚያዋስኑት ይህ የራያ ቆላ ዝናቡ አጭር፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመራል፤ ጅጉርቲና ደጋሌት የተባሉትን የአካባቢውን የማሽላ ዘሮች ዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ይጠብቃል። ዓመቱ የሠመረ እንደሆነ አውድማው ይሞላል። በዚያን ጊዜ ምርቱን ያየ ሁሉ የሚናገረው አንድ የቆየ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ስፍር ቁጥር የለውም» የሚለው ነው።

ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። ስፍር ከመስፈር፣ ቁጥር ከመቁጠር የመጡ ናቸው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ፍሬው አንድ በአንድ አይቆጠርም። ከብት ግን ይቆጠራል፤ በቁና አይሰፈርም። ሰፋሪው ቁናው ጢም ማለቱን እንጂ በውስጡ ያለውን የፍሬ ብዛት አይመለከትም፤ ጥቂት ቢፈስ ወይም ጥቂት ቢተርፍ ግድ የለውም። ቆጣሪ ግን አንዷ ብትጎድል ሥራው ሁሉ ይበላሽበታል። እንግዲህ ሁለቱ የአሠራር ልዩነት ብቻ ሳይሆን የአመለካከት ልዩነት አላቸው ማለት ነው። ጥያቄውም ከዚህ ይነሣል። በእርግጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ነገር አለን? ወይስ ሰው ይህን ቃል የሚናገረው ቁጥሩን ለመጋፈጥ ሳይፈልግ ሲቀር ነው?

ይህን ለመመርመር አንድ ብቸኛ ቁጥር በቂ ነው። ቁጥሩም ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል በዓለም ከተሠራጨው የሰንጠረዥ ጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያም የመኳንንትና የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ አዘውትረው ይጫወቱ እንደነበር እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት ጽፏል። የሀበሻው ሰንጠረዥ እንደ ሌላው አገር ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተቀባ ሳይሆን በጨርቅ ላይ በመስመር የተከፋፈለ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው። ይሁን እንጂ ቤቶቹ በየትም አገር ስምንት በስምንት ናቸው፤ 64።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ኢብን ኻሊካን ከመዘገባቸው ተረቶች አንዱ እንዲህ ይላል። ጨዋታውን የፈለሰፈው ጠቢብ ሲሳ ከንጉሡ ፊት ቀርቦ ሽልማት እንዲመርጥ ተጠየቀ። ጠቢቡም ወርቅ አልጠየቀም፤ በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፣ እንዲሁ በየቤቱ እጥፍ እየሆነ እስከ 64ኛው ቤት እንዲሰጠው ለመነ። ንጉሡ የልመናው ትንሽነት አሳፍሮት ቃሉን ወዲያው ሰጠ። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ጠቅላላው ድምር 18,446,744,073,709,551,615 ሆነ። ይህን ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ አስልቶ በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በ1000 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈው አል-ቢሩኒ ነው።

ሃያ አኃዝ ያለው ቁጥር ለዓይን ቀላል ነው፤ በአንዲት መስመር ያልቃል። ምንነቱ የሚታወቀው ወደ ሮቢት አውድማ ሲወርድ ነው። አንድ ሺህ የማሽላ ፍሬ 30 ግራም ያህል ይመዝናል ተብሎ ይወሰድ። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማለት ስምንቱ ቤቶች በሙሉ፣ የሚይዙት 255 ፍሬ ነው፤ ይህም 8 ግራም አይሞላም፤ ከመዳፍ ተርፎ የሚፈስ አይደለም። ሁለተኛው ረድፍ ሲሞላ ድምሩ 65,535 ፍሬ ሆኖ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ገና ይስቃል። በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ አምስት ኩንታል ይሆናል፤ አንድ ገበሬ ከጎተራው አውጥቶ ሊሰጠው የሚችለው ነው። አራተኛው ረድፍ ሲያልቅ፣ ማለት ገና በሰንጠረዡ ግማሽ ላይ፣ ወደ 1,288 ኩንታል ይደርሳል። አምስተኛው ረድፍ 330 ሺህ ኩንታል ያህል ነው። ስድስተኛው 84 ሚሊዮን ኩንታል ሲሆን፣ ይህም ኢትዮጵያ በመላዋ በአንድ ዓመት ከምታመርተው ማሽላ ይበልጣል። ሰባተኛው ረድፍ 21.6 ቢሊዮን ኩንታል ነው። ስምንተኛው ሲሞላ ድምሩ 5.5 ትሪሊዮን ኩንታል ይሆናል። የዓለም ሕዝብ በአንድ ዓመት የሚያመርተው ማሽላ 600 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ነው ከተባለ፣ የጠቢቡን ዋጋ ለመክፈል ከ9,000 ዓመት በላይ ሳይበሉ ማምረት ያስፈልጋል። ፍሬዎቹን በየሰከንዱ አንድ እያለ የሚቆጥር ሰው ቢኖር 584 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ይህም የጽንፈ ዓለሙን ዕድሜ አርባ ጊዜ ያጥፋል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው አንዲት ጊዜ እንኳ አልተለወጠም፤ ሁልጊዜ «የቀደመውን እጥፍ አድርግ» ነው። በመዳፍ የሚያዘውን ሽልማት የአገር ጥፋት ያደረገው አዲስ ሕግ ወይም የተለየ ተንኮል አይደለም። «ይህ ቤት ነው ስጦታውን ወደ ዕዳ የለወጠው» ተብሎ በጣት የሚጠቆም ቤትም የለም። የጥንት ግሪኮች አንዲት ፍሬ ክምር ካልሆነች፣ ሁለትም ካልሆነች፣ ክምር የሚጀምረው ከስንተኛዋ ፍሬ ላይ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። ሄግል ደግሞ መጠናዊ ለውጥ እየተጠራቀመ ሄዶ ዓይነታዊ ለውጥ እንደሚያመጣ አስተማረ። የሀገሬው ሰው ይህን በራሱ ቋንቋ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ አነጋገር ለተስፋና ለትዕግሥት ይጠቀሳል። ነገር ግን በእግሩ የሚሄደው ሁሉ ጫጩት ብቻ አይደለም፤ ዕዳም እንዲሁ ያድጋል፤ በደልም እንዲሁ ያድጋል።

ታዲያ ይህ ቁጥር የት አለ? ይህን ያህል ማሽላ በምድር ላይ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ቆጥሮ የጨረሰው ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ይሁንና ቁጥሩ እንዲህ ቢሆን እንዲያ ቢሆን ግድ የለም የሚባል የምናብ ፍጡር አይደለም። የመጨረሻው አኃዝ 5 ነው፤ 4 ወይም 6 ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ስሕተቱንም በወረቀትና በእርሳስ ማሳየት ይቻላል። ፕላቶን ቁጥሮች ከሚታየው ዓለም ውጭ በራሳቸው ጸንተው የሚኖሩ ናቸው ይል ነበር። ሌሎች ደግሞ ቁጥር የሰው ልጅ በሥራው፣ በንግዱና በአውድማው የፈጠረው መሣሪያ ነው ይላሉ። የሁለቱ ክርክር ገና አላለቀም። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አንድ ጊዜ ሕጉ ከተሰጠ ውጤቱ ለንጉሥም ለገበሬም አንድ ነው። ቁጥር አያዳላም።

የሀገሪቱ ሊቃውንትም ታላላቅ ቁጥሮችን አልፈሩም። ከሺህ በላይ ያለውን በእልፍ፣ ከዚያም በላይ በአእላፋት፣ በትእልፊትና በምእልፊት እየሰየሙ ወጥተዋል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ነገር ግን ፼ን እየደጋገመ ማናቸውንም ታላቅ ቁጥር ይጽፋል። ሃያው አኃዝ በአራት በአራት ቤት ሲከፈል አምስት ክፍል ይወጣዋል፤ የሰንጠረዡም ቁጥር እንዲህ ይጻፋል፦ ፲፰፻፵፬፼፷፯፻፵፬፼፯፻፴፯፼፱፻፶፭፼፲፮፻፲፭። እልፍን አራት ጊዜ የጠራ አንደበት ከዓለም እህል ሁሉ የሚበልጠውን ብዛት ጠርቶ ጨረሰ ማለት ነው። ግሪካዊው አርኪሜድስም አሸዋ ቁጥር የለውም የሚሉትን ሲገሥጽ፣ ጽንፈ ዓለሙ በአሸዋ ቢሞላ እንኳ የፍሬዎቹ ቁጥር ስም ሊሰጠው እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ «ስፍር ቁጥር የለውም» የሚለው አነጋገር ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው የሚመሰክር ነው። ቁጥሩ አለ፤ የጠፋው ቆጣሪው ነው።

ይህ ቁጥር ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠባይም አለው። የመጀመሪያው ጠባዩ ምሉዕነት ነው። በ64ቱ ቤቶች ካሉት ክምችቶች የተወሰኑትን በመምረጥ ከአንድ ጀምሮ እስከዚህ ቁጥር ድረስ ያለውን ማናቸውንም ብዛት መሥራት ይቻላል፤ ለያንዳንዱም ብዛት አንድ ምርጫ ብቻ አለው። ይህ ምሥጢር በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» በሚል ስም ከሚጠቀሰው የማጋመስና የማጠፍ ዘዴ ጋር አንድ ነው። 13 ፍየሎች እያንዳንዳቸው በ24 ብር ቢሸጡ፣ ማባዛት ያልተማረ ነጋዴ 13ን እያጋመሰና ትራፊውን እየጣለ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይላል፤ ከጎኑም 24ን እያጠፈ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይላል። ከዚያ ተጋማሹ ሙሉ ቁጥር በሆነበት በ6 ፊት ያለውን 48 ይተውና የቀሩትን ይደምራል፤ 24፣ 96ና 192 ተደምረው 312 ይሆናሉ። ልክ ነው፤ ምክንያቱም 13 ማለት 1፣ 4ና 8 ማለት ነው። የዛሬው ኮምፒዩተርም በመሠረቱ የሚሠራው በዚሁ በማጠፍ ሥርዓት ነው። ባለ 64 ቤቱ ማሽን በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ይኸው የሰንጠረዡ ቁጥር ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ ሞልተዋልና። አንዲት ብትጨመር ሁሉም ባዶ ይሆኑና 65ኛ ቤት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠባዩ በውስጡ የተሸሸገው ሥር ነው። የአኃዞቹ ድምር 87 ነው፤ ስለዚህ ለ3 ይካፈላል፤ ለ9 ግን አይካፈልም። በ5 ስለሚያልቅ ለ5 ይካፈላል። ፈጽሞ ሲበተን ግን ሰባት የማይከፈሉ ሥሮች ይወጡታል፤ እነርሱም 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537ና 6,700,417 ናቸው። እያንዳንዳቸው የሚገኙት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ያለ ትርፍ የሚያካፍሉት 128 አካፋዮች አሉት። ከእነዚህ ሥሮች 17 ለሠዓሊና ለአናጢ የተለየ ታሪክ አለው። ክብን በገመድና በቀጥታ ዘንግ ብቻ 17 እኩል ቦታ መክፈል እንደሚቻል ጋውስ በ1796 እ.ኤ.አ. ገና 19 ዓመት ሳይሞላው አረጋገጠ። ሰባት እኩል ቦታ መክፈል ግን በዚህ መንገድ አይቻልም፤ እጅ ቢሠለጥንም አይቻልም።

ከሥሮቹ መካከል 641 ደግሞ ለመምህርና ለካድሬ የሚበጅ ትምህርት ይዟል። የፈረንሳዩ ፌርማ በ17ኛው ምዕተ ዓመት 3፣ 5፣ 17፣ 257ና 65,537 ሁሉም የማይከፈሉ መሆናቸውን አየ። እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ሕግ የሚወለዱ ነበሩና የሚቀጥለውም፣ ማለት 4,294,967,297፣ ከዚያም በኋላ የሚመጡት ሁሉ የማይከፈሉ ናቸው ብሎ አመነ። ፌርማ ከዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ነበር። አምስት ምስክሮችም ከፊቱ ቆመው ነበር። ማስረጃ ግን አልነበረውም። ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ስድስተኛውን ቁጥር መርምሮ 641 ጊዜ 6,700,417 መሆኑን አገኘ። ይህን ለማረጋገጥ የሮቢት ተማሪ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ 6,700,417ን በ600፣ በ40ና በ1 አባዝቶ ሦስቱን መደመር ብቻ ይበቃዋል። ከፌርማ አምስት ምስክሮች ወዲህ በዚያ ሕግ የተወለደ ሌላ የማይከፈል ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ታላቅ ስም ማስረጃ አይሆንም፤ አምስት ጊዜ እውነት የሆነ ነገርም ስድስተኛው ላይ ሊከዳ ይችላል። መምህር ይህን ለተማሪው የሚያስተምረው ሊቃውንትን እንዲንቅ አይደለም፤ እውነት ከተናጋሪው ማዕረግ ይልቅ በሥራው ላይ የቆመ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ልጅ በወረቀትና በእርሳስ ሊቅን ሊያርም የሚችልበት መስክ ቢኖር ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ንጉሡ ቃል መመለስ ይገባል። ንጉሡ ሳያሰላ ቃል ገባ። ጠቢቡ አውቆ ጠየቀ። ከሁለቱ የሚወቀሰው ማን ነው? አንዳንዶች ቃል ቃል ነው፤ ባለማወቅ የገባም ቢሆን ይክፈል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሊፈጸም የማይችል ውል ውል አይደለም ይላሉ። በተረቱ ውስጥ ኃያሉ ንጉሥ፣ ደካማው ጠቢብ ስለሆነ ሰሚው ይስቃል። ነገር ግን ቦታቸው ይለዋወጥ። የሚያሰላው ኃያሉ፣ የማያሰላው ደካማው ይሁን። ያን ጊዜ ሳቅ የለም። በገጠር ኑሮ የታወቀው አራጣ ይኸው ተረት ተገልብጦ የተነገረበት ነው። ክረምት ሲገባ ጎተራው የነጠፈበት ገበሬ አንድ ኩንታል ተበድሮ በመኸር ሁለት ሊመልስ ይዋዋላል። መኸሩ ካልሠመረ ሁለቱ አራት ይሆናል። አሥር ጊዜ የታጠፈ አንድ ኩንታል 1,024 ኩንታል ነው። ገበሬው ጣቱን በቀለም ነክሮ ያተመበት ወረቀት ግን «አንድ ኩንታል» የሚል ብቻ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ከመቶ 12 የበለጠ የዓመት ወለድ እንዳይስማሙ ወሰነ። ይህ ወሰን ፍትሕ ያለው ነው፤ ይሁንና ከመቶ 12 ወለድ በወለድ ላይ ሲጨመር ዕዳው በስድስት ዓመት ያህል እጥፍ እንደሚሆን የሚያውቅ ተበዳሪ ስንት ነው? ሕግ ወሰን ያበጃል፤ ወሰኑን የሚያይ ዓይን የሚሰጠው ግን ትምህርት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፊደል ጋር ሒሳብንም ያስተምር የነበረው በከንቱ አልነበረም። ፊደል የለየ ሰው ውሉን ያነባል፤ ሒሳብ የለየ ሰው ውሉ ወደፊት የሚሆነውን ያነባል። አስልቶ ማስረዳት ሲችል ዝም ያለ ባለዕውቀትም ከበደሉ ነፃ አይሆንም። ሲሳ ጠቢብ ተብሏል፤ ነገር ግን ንጉሡን «ጌታዬ፣ ይህ ከምድር እህል ሁሉ ይበልጣል» ብሎ ቢነግረው ኖሮ ጥበቡ ሙሉ ይሆን ነበር።

ቁጥሩ የያዘው የመጨረሻ ትምህርት ግን ከሁሉ የከበደ ነው። ከ18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ አንዲቱ ትነሣ። ክምሩን የሚያይ ዓይን ልዩነቱን አያውቅም፤ ሚዛንም አያውቀውም። ሰፋሪ ከሆነ ምንም አልጎደለም ይላል፤ እውነቱንም ነው። ቆጣሪው ግን ሌላ ነገር ያያል። የቀረው ቁጥር ከቀድሞው ሰባት ሥሮች አንዱንም አልያዘም። 3 የለም፤ 5 የለም፤ 17 የለም፤ 641ም የለም። ማስረጃው አጭር ነው፤ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮችን የሚያካፍል ቁጥር ቢኖር ልዩነታቸውንም ማካፈል ነበረበት፤ ልዩነታቸው ግን አንድ ነው፤ አንድን ከአንድ በስተቀር የሚያካፍለው የለም። በተቃራኒውም አንዲት ፍሬ ብትጨመር ከ2 በስተቀር ሥር የሌለው ቁጥር ይወለዳል። እንግዲህ ከዓለም እህል ሁሉ በሚበልጥ ክምር ውስጥ እንኳ ተራ የሆነች ፍሬ የለችም። አንዲቱ ስትጎድል የጎደለው ጥቂት ሳይሆን ማንነቱ ነው።

ይህ ነገር ስለ ማሽላ ብቻ ቢሆን የጨዋታ ያህል በቀረ ነበር። ነገር ግን የቆቦና የራያ ምድር ሌላም ብዛት ያውቃል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ የሞተው ሰው ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ፣ ከቆቦ በስተሰሜን ያለችው ኮረም የዓለምን ዓይን በሳበችበት ጊዜ፣ በአገሪቱ የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይባላል። እነዚህ አኃዞች በዜሮ የሚያልቁ ናቸው። በግምቱ ታችና ላይ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ነው፤ ይህ ሕዝብ «ሞቷል» ለማለትም «አልሞተም» ለማለትም ሳይቻል በሁለት ቁጥሮች መካከል ቀርቷል። እነዚህ ሰዎች ተሰፈሩ እንጂ አልተቆጠሩም።

የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር፤ ማለት ታላቁ ረሃብ ከመበርታቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ። ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች ቆጣሪው ሊደርስ አልቻለም። ቁጥሩ ሊታወቅ ሲጀምር ሕዝቡ መርገፍ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጣው እርዳታ በኩንታልና በቶን ተመዘገበ፤ በመርከብና በአውሮፕላን የተጓዘው ስንዴ መጠኑ ይታወቃል። እህሉ በትክክል ተሰፈረ፤ እህሉን ሳይቀምስ የሞተው ግን በግምት ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በብዙ የገጠር አካባቢ ልጆችን መቁጠር አይወደድም፤ በአውድማም እህል ሲሰፈር ጮክ ብሎ መቁጠር በረከት ያርቃል ይባላል። ይህን ልማድ እንዲያው ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ውስጡ ሲመረመር ጥበብ አለበት። ገበሬው የሚያውቀው ቆጣሪ ብዙ ጊዜ ለግብር፣ ለአሥራትና ለጦር የሚቆጥር ነበር። እናትም ልጆቼ ስንት ናቸው ብላ አታስብም፤ እያንዳንዱን በስሙ ትጠራለች፤ አንዱ ማታ ቤት ካልገባ ሳትቆጥር ታውቃለች። ስለዚህ ልማዱ የሚቃወመው ስምን የሚያጠፋ ቁጥርን ነው። ለዚህ መልሱ መቁጠርን መተው አይደለም፤ አቆጣጠሩን ማቅናት ነው። ሰው የሚቆጠረው እንደ ግብር ዕቃ ሳይሆን እናት ልጆቿን እንደምትፈልግ ሆኖ ሊሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለ ቆጠራ የመጨረሻዋን አንዲት ነፍስ እስኪያገኝ አያርፍም፤ በዜሮም አያጠጋጋም።

ለአርቲስትም ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። አንድ ሚሊዮን ሰው ሞተ ተብሎ ሲነገር የሰሚ ልብ እንደሚደነዝዝ፣ የአንዲት ሕፃን ታሪክ ሲነገር ግን ዕንባ እንደሚፈስ የታወቀ ነው። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ቁጥር ደረቅ ነው፤ ኪነ ጥበብ ብቻ ነው ሰውን የሚያይ ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የአንዷ ታሪክ ብቻውን ሲነገር የቀሩት እንዳልነበሩ ሊያስረሳ ይችላል፤ ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር ደግሞ አንዷ ትጠፋለች። ኪነ ጥበብ አንዲቱን ፍሬ አንሥቶ ያሳያል፤ ሒሳብ ደግሞ የተቀሩትም እያንዳንዳቸው እንዲሁ አንዲት መሆናቸውን ያረጋግጣል። ሁለቱ የሚሠሩት ለአንድ እውነት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂልም ብዛትን ሲያመሰግን ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሎሚ መድረሱን አስቀድሞ ቆጥሮ ነው።

እንግዲህ «ስፍር ቁጥር የለውም» የሚለው አነጋገር ሁለት ቦታ አለው። በሮቢት አውድማ፣ ክምሩ ሲታይ፣ የምስጋና ቃል ነው፤ በዚያ ቦታ ይኑር። ስለ ዕዳ፣ ስለ ግፍና ስለ ሰው ሞት ሲነገር ግን ቃሉ ምስጋናነቱ ይቀርና ሽሽት ይሆናል፤ መልስ መስጠት ያለበት ሰው መልሱን የሚደብቅበት መጋረጃ ይሆናል። ሃያ አኃዝ ያለው፣ ምድር ልትሸከመው የማትችለው ብዛት እስከ መጨረሻዋ 5 ድረስ በትክክል የታወቀ ነው። ከዚያ እጅግ ያነሰው የሰው ቁጥር ሳይታወቅ የቀረው ሒሳቡ ስለ ከበደ አይደለም።

ምርቱ ተሰፍሮ ጎተራ ከገባ በኋላ ከአውድማው ዳር የሚቀር ሰው አለ። ሰፋሪው ጨርሶ ሄዷል፤ ለእርሱ ሥራው አልቋል። ከአፈሩ ውስጥ የወደቀውን ማሽላ የሚለቅሙት ግን ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ያነሣሉ። ቁና የማያውቃትን ፍሬ ጣት ያውቃታል።